ስንዴና ገብስ የማይስማማው ሰው በዒድ ገበታ ላይ

በከሚሴና በአካባቢው ባሉ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳዎች ለዒድ የሚሰናዳው ምግብ፣ ግሉተን የተከለከለ ሰው ከሚፈራው በላይ ይመቸዋል። የጤፍና የማሽላ እንጀራ፣ የበግ ጥብስና ቅቅል፣ የዶሮ ወጥ፣ ሩዝ፣ እርጎ፣ ተምርና ቡና በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም። ሰውየው የሚታመመው ብዙ ጊዜ ከዋናው ምግብ ጎን በሚቀርበው ነው።

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና በዘመዶቻቸው ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው፤ የስንዴ ሊጥ የሚለጠጠው በእሱ ነው። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ፣ የሰውነቱ መከላከያ ተነሥቶ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። አንጀቱ ሲጎዳ የተበላው ምግብ ወደ ደም መግባት ያቅተዋል። ስለዚህ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ ክብደት መቀነስና የደም ማነስ ይከተላሉ፤ ልጅ ከሆነ እድገቱ ይገታል። ምልክቶቹ ከጃርዲያና ከአሜባ ጋር ስለሚመሳሰሉ ለዓመታት ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው አለ። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ሕመሙ እንዳለበት ይገመታል፤ ዓይነት አንድ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ደግሞ ይበረክታል። ሕክምናው ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው። ነገር ግን ሳይመረመሩ መተው ስሕተት ነው፤ ሰው ስንዴና ገብስ መብላት ካቆመ በኋላ የደም ምርመራው በሽታውን ላያሳይ ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ አመጋገብ።

ስንዴ ለነዚህ ሕመምተኞች ጠንቅ መሆኑን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ያሳየው ቪለም ዲከ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነበር። እዚያው ሆላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች በ2005 እ.ኤ.አ. 14 የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው በአንዳቸውም ውስጥ ሕመሙን የሚቀሰቅስ ግሉተን አላገኙም። ማሽላ፣ ዘንጋዳ፣ በቆሎና ሩዝም ነፃ ናቸው። በዞኑ ቆላ በብዛት የሚበቅሉት ማሽላና ማሾ ስለሆኑ፣ የከሚሴ ሕመምተኛ ከውጭ የሚመጣ ውድ ዱቄት መፈለግ የለበትም። የሚያስፈልገውን ከሰንበቴ የእሁድ ገበያ ወይም ከባቲ የሰኞ ገበያ መሸመት ይችላል።

አደጋው ከመጠጥ ይጀምራል። ቀሪቦ የሚዘጋጀው ከተቆላ ገብስ ነው፤ በጠርሙስ የሚሸጠው አልኮል አልባ የብቅል መጠጥም ገብስ ነው። ብዙ ሰው «መጠጥ ምን አለበት» ብሎ የሚዘናጋው በነዚህ ነው። በምትካቸው ብርዝ ወይም የማንጎ ጭማቂ ይቅረብ። በክርስቲያን ጎረቤት በዓል ጠላው በብቅል የተጠመቀ ነው፤ ከማርና ከጌሾ ብቻ የተጣለ ጠጅ ግን ግሉተን የለበትም። ሳምቡሳ የስንዴ ሊጥ ነው፤ ድንቹ በዚያው ዘይት ከተጠበሰ እሱም ይቀራል። የረመዳን ሾርባ ብዙ ጊዜ በገብስ ወይም በአጃ ይወፍራል። አጃ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ ራሱ የስንዴ ዘር ነውና አይታመንም። በሶና ጩኮ ገብስ ናቸው፤ ቂንጬም ከስንዴ ወይም ከገብስ የሚሠራ ነው። ገንፎው ግን በማሽላ ወይም በበቆሎ ዱቄት፣ ጨጨብሳውም በጤፍ ቂጣ ቢሠራ፣ ቅቤና በርበሬ እስካልጎደለው ድረስ የሚያማርር የለም። ከቡናው ጋር በገብስ ቆሎ ፈንታ ፈንዲሻ፣ የሽምብራ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ መስጠት ይበቃል።

ጤፉ ንጹሕ ሆኖ ወፍጮ ቤት ሊበላሽ ይችላል። ድንጋዩ ላይ የቀረ የስንዴ ዱቄት ወደ ሚቀጥለው ሰው እህል ይገባል። ማሽላ ወይም በቆሎ ያስፈጨ ሰው ጠብቆ ከእሱ ቀጥሎ ማስፈጨት ይረዳል፤ ከዚያም በላይ ከመጀመሪያው የሚወጣውን ዱቄት ለሌላው ቤተሰብ ማድረግ ይሻላል። እርሾም ከጎረቤት ከተበደሩት፣ ያ ቤት ጤፉን ከገብስ ጋር ቀላቅሎ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። ከከሚሴ ወደ ወሎ ደጋ ለበዓል የሚወጣ ሰው ይህን አጥብቆ ይያዝ፤ እዚያ የገብስ እንጀራ የተለመደ ነው። ተፈጭቶ የሚሸጥ ሽሮና በርበሬ ምን እንደተቀላቀለበት ስለማይታወቅ ቤት ማዘጋጀቱ ይመረጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጉርሻ ነው። ዳቦ የቆረሰ እጅ ያጎረሰው ጉርሻ ንጹሕ አይደለም። ፍርፋሪ ያን ያህል ምን ይጎዳል የሚል ካለ፣ ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ከግሉተን ነፃ ለሚባል ምግብ የሚፈቅደው በኪሎ 20 ሚሊግራም ብቻ መሆኑን ይወቅ። ወሎ ውስጥ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እየተባለ እንቢ ማለት ያሳፍራል፤ ሕመምተኛውም አስተናጋጁን ላለማስቀየም ጎርሶ ሌሊቱን ሲሰቃይ ያድራል። ይህ እንዳይሆን ከበዓሉ ቀን በፊት ለቤቱ እመቤት መናገር ይገባል፤ «እህል አልወድም» ብሎ ሳይሆን «ስንዴና ገብስ ያሳምመኛል፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ብሎ። በትሪ ዙሪያ ከመቅረብም በፊት ድርሻን በሌላ ሳህን ማስነሣት ጥሩ ነው። እንጀራን ጠቅልሎ ይዞ መሄድም ነውር ሊሆን አይገባም።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ፣ በተለይ ልጅ ከሆነ፣ እባካችሁ አታስገድዱት። ምጣዱን አጥባችሁ የእሱን እንጀራ ከዳቦውና ከአምባሻው በፊት ጋግሩለት፤ ወጡንም ማንም እጁን ሳያስገባበት ቀድማችሁ ጨልፉለት።