ዓይን በስክሪን ፊት ለምን ይደክማል?

በኮምፒዩተር ወይም በስልክ ለብዙ ሰዓት ሲያጠና የዋለ ተማሪ፣ ወደ ማታ ገደማ የሚሰማውን ስሜት ለመግለጽ አይቸገርም። ዓይኑን ይቆጠቁጠዋል፤ አሸዋ የገባበት ያህል ይከረክረዋል፤ ግንባሩን ያመዋል፤ ከስክሪኑ ቀና ብሎ በመስኮት ሲመለከት ደግሞ የሩቁ ነገር ለጥቂት ጊዜ ይደበዝዝበታል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ብርሃኑ ዓይኔን እያቃጠለው ነው» ብሎ ይደነግጥና ልዩ መነጽር ፍለጋ ገበያ ይወጣል፤ ወይ ደግሞ «ድካም ነው፤ ያልፋል» ብሎ ችላ ይለዋል። የመጀመሪያው ገንዘብን በከንቱ ሊያስወጣ፣ ሁለተኛው ደግሞ መታረም የሚገባውን የዓይን ችግር ሊሸፍን ይችላል።

ጉዳዩ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። የመማሪያ ጽሑፎችም ከወረቀት ይልቅ በስልክ ላይ መነበባቸው እየተለመደ ነው። ስለዚህ በስክሪን ፊት ዓይናችን የሚያከናውነውን ሥራ ማወቅ ለማንኛውም ተማሪ ይጠቅማል።

ማረፊያ ያጣ ጡንቻ

ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን አጥፈው ወደ አንድ ነጥብ የሚሰበስቡት ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንደኛው ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ወይም ኮርኒያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከብሌኑ በስተኋላ የሚገኘው ሌንስ ነው። ቅርብና ሩቅ ያለውን ነገር አጥርተን የምናየው ሌንሱ ቅርጹን ስለሚለዋውጥ መሆኑን እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1801 ባሳተመው ጽሑፍ አሳይቷል። ለውጡ እንዴት እንደሚከናወን ደግሞ ጀርመናዊው ኸርማን ሄልምሆልትስ እ.ኤ.አ. በ1855 አብራርቷል። ሩቅ ስንመለከት በሌንሱ ዙሪያ ያለው ሲሊያሪ የተባለው ጡንቻ ይላላል፤ ሌንሱን የያዙት ቀጫጭን ጅማቶች ይወጠራሉ፤ ሌንሱም ይሳሳል። ቅርብ ስንመለከት ግን ጡንቻው ይኮማተራል፤ ጅማቶቹ ይላላሉ፤ ሌንሱም ወፈር ይላል። ከዚህ እንደምንረዳው ለጤናማ ዓይን ሩቅ ማየት ዕረፍት፣ ቅርብ ማየት ግን ሥራ ነው።

የሥራው መጠን በቀላሉ ይሰላል። መለኪያው ዳዮፕተር ይባላል፤ የሚገኘውም 1ን በሜትር ለተለካው ርቀት በማካፈል ነው። በ6 ሜትር ርቀት ላይ ያለን ዛፍ ለማየት 0.17 ዳዮፕተር ያህል ይበቃል። በ60 ሳንቲ ሜትር ላይ ላለ የኮምፒዩተር ስክሪን 1.7፣ በ25 ሳንቲ ሜትር ላይ ለተያዘ ስልክ ደግሞ 4 ዳዮፕተር ያስፈልጋል። የሃያ ዓመት ወጣት እስከ 10 ዳዮፕተር ገደማ ማምጣት ስለሚችል ሥራው በራሱ ከባድ ሆኖ አይደለም። ቀላል ደብተር በተዘረጋ እጅ ለአንድ ደቂቃ መያዝ አያስቸግርም፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል መያዝ ግን ክንድን ያዝላል። ዓይንንም የሚያደክመው የርቀቱ ማነስ ብቻ ሳይሆን ያለ ፋታ ለሰዓታት መቆየቱ ነው። ሩቁ ነገር ለጊዜው የሚደበዝዘውም ሲኮማተር የዋለው ጡንቻ ወዲያውኑ ስለማይላላ ነው።

የተዘነጋው መርገብገብ

ማቃጠሉና መከርከሩ ግን ከጡንቻው ሳይሆን ከእንባ የሚመጣ ነው። እንባ ሲያለቅሱ ብቻ የሚፈስ ፈሳሽ አይደለም፤ ዘወትር ኮርኒያን የሚሸፍን ስስ ንጣፍ ነው። ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ሲሆን፣ ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። ከሥር የሚያጣብቅ ዝልግልግ ነገር፣ ከመካከል ውኃ፣ ከላይ ደግሞ በዓይን ቆብ ጠርዝ ካሉ ዕጢዎች የሚመነጭ ቅባት አለው። ቅባቱ ውኃው ቶሎ እንዳይተን ይከላከላል። የዓይን ቆባችን በተርገበገበ ቁጥር ይህን ንጣፍ ያድሰዋል።

ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የቢሮ ሠራተኞችን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትመው ነበር። ሠራተኞቹ ዘና ብለው ሳሉ ዓይናቸው በአማካይ በደቂቃ 22 ጊዜ ይርገበገብ ነበር። መጽሐፍ ሲያነቡ ወደ 10፣ በስክሪን ፊት ሲሆኑ ደግሞ ወደ 7 ጊዜ ዝቅ ብሏል። አእምሮ በአንድ ነገር ላይ ሲያተኩር መርገብገብን ይዘነጋል። ንጣፉ ሳይታደስ ሲቆይ ይበጣጠሳል፤ በነርቭ ጫፎች የተሞላው ኮርኒያም ለአየር ይጋለጣል። አንዳንዴ የደረቀ ዓይን እንባ የሚያፈሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተቆጣው ኮርኒያ ድንገተኛ እንባ ያስመነጫል።

የስክሪኑ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። መጽሐፍ በጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ወደ ታች ስለምንመለከት የዓይን ቆባችን የዓይንን ገጽ በከፊል ይሸፍነዋል። በዓይን ትክክል ወይም ከዚያ በላይ የተቀመጠ ስክሪን ግን ዓይንን በሰፊው ያስከፍታል። በዚህ ላይ የአየሩ ድርቀት ሲጨመር ችግሩ ይብሳል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ፣ በተለይ በበጋ ደረቅ ነፋስ በሚነፍስበት ወቅት፣ እንባ ቶሎ ይተናል። ፊት ለፊት የሚነፍስ የአየር ማራገቢያም እንዲሁ ያደርጋል።

ብርሃኑስ?

ከስክሪን የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ዓይንን ይጎዳል ተብሎ በሰፊው ይወራል፤ ይህን የሚከላከሉ መነጽሮችም ይሸጣሉ። ይሁንና ከስክሪን የሚደርሰን ሰማያዊ ብርሃን ከቀን ሰማይ ከሚደርሰን ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። ኮክሬን የተባለው የምርምር ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ግምገማ 17 ሙከራዎችን መርምሮ፣ እነዚህ መነጽሮች በአጭር ጊዜ ውስጥ የዓይንን ድካም እንደማይቀንሱ የሚያመለክት ውጤት ላይ ደርሷል። ሌሊት ደማቅ ስክሪን ማየት እንቅልፍን ሊያዛባ መቻሉ እውነት ነው፤ ለዚያ መፍትሔው ግን ስልክን ከመኝታ በፊት ማስቀመጥ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ጡንቻውን ማሳረፍ ነው። የዓይን ባለሙያዎች በየ20 ደቂቃው፣ 20 ጫማ ወይም 6 ሜትር ያህል ርቀት ላይ ያለ ነገር ለ20 ሴኮንድ መመልከትን ይመክራሉ። ቁጥሮቹ ለማስታወስ እንዲመቹ የተመረጡ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደሉም፤ ዕረፍቱ ቢረዝም ይመረጣል። መስኮት በሌለበት ክፍል የኮሪደሩን ጫፍ መመልከት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ገጽ በቀየሩ ቁጥር ዓይንን ሙሉ በሙሉ ጨፍኖ መክፈት ነው። በከፊል የተዘጋ ቆብ እንባውን በሚገባ አያዳርስም።

ሦስተኛ፣ ስክሪኑን ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር አርቆ፣ መካከሉ ከዓይን ትይዩ ዝቅ እንዲል አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ጠረጴዛው የማይስተካከል ከሆነ ወንበሩ ላይ የታጠፈ ጨርቅ ደርቦ ከፍ ማለት ይቻላል። መስኮት ከጀርባ ሲሆን ስክሪኑ ላይ ነጸብራቅ ስለሚፈጥር በጎን ቢሆን ይሻላል። ፊደሉ ካነሰ ስልኩን ወደ ፊት ከማስጠጋት ፊደሉን ማሳደግ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የዓይን ጠብታ ከመጠቀም መቆጠብ ያስፈልጋል። ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች መቅላቱን ቢያጠፉም፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ የዓይንን ውስጣዊ ግፊት ከፍ በማድረግ እይታን እስከ ማሳጣት ሊደርሱ ይችላሉ።

ድካሙ የማያልፍ ሲሆን

ይህ ሁሉ ተደርጎ ድካሙ ካልቀነሰ የዓይን ምርመራ ማድረግ ግድ ነው። የዓይን ኳሱ ከመደበኛው ያጠረ ወጣት ሩቁን ለማየት እንኳ ጡንቻውን ይጠቀማል። ለምሳሌ ጉድለቱ 2 ዳዮፕተር ቢሆን፣ ለ60 ሳንቲ ሜትር ስክሪን 1.7 ሳይሆን 3.7 ዳዮፕተር ማምጣት አለበት። በሩቁ ሰሌዳ ላይ ያሉትን ፊደላት አጥርቶ ሊያነብ ስለሚችል ችግሩ ሳይታወቅ ይቆያል። ተማሪው ግን መጽሐፍ በገለጠ ቁጥር ራሱን ያመዋል፤ ከንባብ ይሸሻል፤ በመጨረሻም ሰነፍ ነኝ ብሎ ራሱን ይወቅሳል። አንድ ተራ መነጽር ሊያስተካክለው የሚችለው ችግር የትምህርት ዕድልን ሊያሰናክል የሚችለው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ባነበቡ ቁጥር ራሱን የሚያመው፣ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየው፣ ወይም ጥቁር ሰሌዳውን ለማየት ዓይኑን የሚያጠብ ሰው መመርመር ይኖርበታል። ድንገተኛ ኃይለኛ ሕመም፣ የእይታ መቀነስ ወይም የብርሃን ብልጭታ ካጋጠመ ደግሞ ለነገ ሳይሉ ወደ ሐኪም መሄድ ያሻል። ሌላው ሁሉ ዋጋ የማይጠይቅ ልማድ ነው፤ ይህን ጽሑፍ በስክሪን የምታነቡ አንባቢያን ካላችሁም፣ አሁን ቀና ብላችሁ ሩቅ ያለ ነገር በመመልከት ልትጀምሩት ትችላላችሁ።