ቱታ ወይስ ቱቱ?

«እማዬ፣ ለልደቴ ቱቱ ግዢልኝ» አለችኝ የስድስት ዓመቷ ልጄ። እኔ የሰማሁት «ቱታ» ነው። መርካቶ ወርጄ ሰማያዊ ቱታ ገዛሁላት። ስታየው ዓይኗ እንባ ሞላ። ለካ የፈለገችው በቴሌቪዥን ያየችውን፣ የባሌት ዳንሰኞች የሚለብሱትን ድርብርብ አጭር ቀሚስ ኖሯል!

በስህተቴ አፍሬ የቃላቱን ምንጭ ፈለግሁ። ዝምድና የላቸውም። የእኛ «ቱታ» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ታያት በሚል ስም የሚታወቀው የፍሎረንስ አርቲስት እ.ኤ.አ. በ1920 ላስተዋወቀው አንድ ወጥ ልብስ የተሰጠ ስም ነው። «ቱቱ» ግን ፈረንሳይኛ ነው። ትርጉሙን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ፈረንሳዮች መቀመጫን በተራ አነጋገር «ኩ» ይሉታል፤ በልጆች አፍ ሲደጋገም «ኩኩ»፣ ከዚያም «ቱቱ» ሆነ። ቃሉ በ1880ዎቹ በጽሑፍ ሲታይ የዳንሰኞችን የውስጥ ልብስ ይጠራ ነበር፤ ኋላ ቀሚሱን ወረሰ።

ቀሚሱ ግን ስሙን ይቀድመዋል። ማሪ ታሊዮኒ በ1832 በፓሪስ ኦፔራ «ላ ሲልፊድ»ን ስትደንስ የለበሰችው ነጭ ስስ ቀሚስ እስከ ባቷ የሚደርስ ነበር። በኋላ የእግር እንቅስቃሴው በደንብ እንዲታይ እያጠረ ሄደ።

ስሙ ቢያስቅም ታሪኩ ሁሉ አያስቅም። ኤማ ሊቭሪ የተባለች የፓሪስ ዳንሰኛ፣ እሳት እንዲከላከል በመድኃኒት የተነከረ ቀሚስ ይደርቃል፣ ይደበዝዛል ብላ እምቢ አለች። በኖቬምበር 1862 በልምምድ ላይ ሳለች የመድረኩ የጋዝ መብራት ቀሚሷን አቀጣጠለው። ከስምንት ወር ስቃይ በኋላ አረፈች። ከቀሚሷ የተረፈው ብጣሽ ዛሬም በፓሪስ ኦፔራ ሙዚየም ተቀምጧል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ፣ እንደ ሙሽራ ቬሎ ካለ ስስ ጨርቅ ቱቱዋን ሰፋላት። የልደቷን ሻማ እፍ ያለችው ግን ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ ነው። ስስ ጨርቅና ሻማ አይቀራረቡም። እናንተም ልጆቻችሁን እንዲሁ አድርጉ።

ሻማው ከጠፋ በኋላ ቱቱዋን ለብሳ ስትሽከረከር እናቴ «ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ልብስ ነው?» አሉ።

«ቱቱ ነው፣ እማማ!»

«ምን ማለት ነው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ቡናው እንዳይገነፍል ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።