አሯሯጩ ስንተኛ ወጣ?

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘውን የአማኑኤልን ከተማ በማለዳ ያየ ሰው፣ ከየቤቱ ከሚወጣው የባሕር ዛፍ ጭስ ቀጥሎ የሚያስተውለው በአስፋልቱ ዳር የሚሮጡትን ወጣቶች ነው። ከጮቄ በኩል የሚወርደው ብርድ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰዓት፣ ተማሪው ደብተሩን፣ ገበሬውም ሞፈሩን ሳያነሣ፣ እነሱ ብዙ ኪሎ ሜትር ጨርሰው ይመለሳሉ።

እኛም ባለፈው የትንሣኤ በዓል ሰሞን ወደዚያው ሄደን ሳለ ከነዚሁ ሯጮች አንዱን ለመተዋወቅ ዕድል አገኘን። የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነው። ስሙን እንዳንጽፍ ስለ ጠየቀን አንጽፈውም። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አውሮፕላን ተሳፍሮ ባሕር ማዶ ይሻገራል፤ በታላላቅ ከተሞች ማራቶን ከዝነኞቹ ፊት ሆኖ ሲሮጥ በቴሌቪዥን ይታያል። ይሁን እንጂ ላለፉት አራት ዓመታት የመጨረሻውን መስመር አንድም ጊዜ አልረገጠም። ሥራው አሯሯጭነት ነው።

በቤታቸው ተጋብዘን ቡና እየጠጣን ሳለ አንዲት ጎረቤት ገቡና ሳሙት። ከዚያም መቼም የማይቀረውን ጥያቄ አመጡ።

«ለመሆኑ ስንተኛ ወጣህ ልጄ?»

«አልጨረስሁም እማማ» አላቸው ሲኒውን እያየ።

«አይ! አይዞህ፣ ለከርሞ እግዜር ያውቃል» ብለው አጽናኑት።

ሴትዮዋ ከወጡ በኋላ ወጣቱ ሳቀ። «ይኸው አራት ዓመት ሙሉ ያዝኑልኛል። ሥራዬን አንድም ሳላጓድል ፈጽሜ፣ ደመወዜን ተቀብዬ ስመጣ ነው እኮ የሚያዝኑልኝ!» አለን።

እውነቱን ለመናገር እኛም ከሴትዮዋ የተሻለ ዕውቀት አልነበረንም። ስለዚህ ሥራው ምን እንደሆነ ጠይቀን የተረዳነውን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰዓት የሆነ ሰው

አሯሯጭ ማለት በውድድሩ አዘጋጆች ተቀጥሮ፣ በተወሰነለት ፍጥነት፣ እስከ ተወሰነለት ርቀት ከፊት የሚሮጥ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ከመንገዱ ወጣ ብሎ ይቆማል። በማራቶን ብዙውን ጊዜ እስከ 25ኛው ወይም እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ብርቱ የሆነው ከዚያም ያልፋል።

ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አንድ አሯሯጭ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ እንዲሮጥ ታዟል እንበል። ሩጫው በዚሁ ፍጥነት ቢፈጸም 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ ይፈጃል። በየኪሎ ሜትሩ 3 ሴኮንድ ብቻ ቢዘገይና ሩጫው እስከ መጨረሻው በዚያው ቢቀጥል ግን ልዩነቱ ከ2 ደቂቃ በላይ ይሆናል። ቢፈጥን ደግሞ የባሰ ነው፤ ከኋላው ያሉት ጉልበታቸውን ያለ ጊዜው ጨርሰው በመጨረሻ ይንበረከካሉ። ስለዚህ አሯሯጩ ሰውነቱን እንደ ሰዓት መቁጠሪያ ማድረግ አለበት። በዚህ ላይ ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል፤ ከኋላው የሚከተሉት በጥላው ተጠልለው ጉልበት ይቆጥባሉ። ሐሳባቸውም ያርፋል፤ የፊተኛውን ጀርባ ከማየት በቀር ፍጥነት ማስላት አያስፈልጋቸውም።

የአሯሯጭ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ከሕጉ መረዳት ይቻላል። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በበርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ በመሮጥ ያን ጊዜ የዓለምን የሴቶች ክብረ ወሰን ሰበረች። በ2025 ደግሞ በለንደን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ አሸነፈች፤ ይኸኛውም የዓለም ክብረ ወሰን ተብሎ ተመዘገበ። እንዴት ቢባል፣ በርሊን ላይ ሴቶችና ወንዶች አብረው ስለሚሮጡ ወንድ ከፊት ሆኖ ማሯሯጥ ይችላል፤ በለንደኑ ግን ሴቶች ለብቻቸው ሮጠዋል። የአትሌቲክስ ሹማምንት ሁለቱን በአንድ መዝገብ ማስፈር አይገባም ብለው ለያዩዋቸው። እንዲሁም ኬንያዊው ኤሊውድ ኪፕቾጌ በ2019 በቪየና ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ሲጨርስ ዓለም ሁሉ አጨበጨበለት፤ በክብረ ወሰንነት ግን አልተመዘገበም። ከምክንያቶቹ አንዱ አሯሯጮቹ እየተፈራረቁ አዳዲስ እግር ይዘው መግባታቸው ነው። አሯሯጭ ከሌሎቹ ጋር እኩል መነሣት አለበት፤ ሕጉ እንዲህ ይላል።

ወንፈል ወይስ ቅጥር?

የወጣቱ አባት ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ሥራውን ሊያስረዳቸው ብዙ ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም ነበር። በኋላ ግን አንድ ቀን «አባባ፣ ወንፈል ነው ይበሉት» አላቸው። እሳቸውም ወዲያው ገባቸው። ወንፈል የወጣ ሰው የሌላውን ማሳ ሲያርስ ውሎ ማታ ባዶ እጁን ቢመለስ «ምን ዘራህ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ሰነፍም አይባልም።

ነገር ግን ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና በኛው ፊት እንዲህ ሲሉ ጠየቁት፦ «ወንፈል እኮ ብድር አለው ልጄ። ደቦ በልቶ ጠጥቶ መለያየት ነው፤ ወንፈል ግን ቀኑ ተቆጥሮ ይመለሳል። አንተ የሰው ማሳ ስታርስ ይኸው አራት ዓመትህ። ያንተን የሚያርስልህ መች ነው የሚመጣው?»

ልጁ ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። ከአማኑኤል ከተመለስን በኋላ ግን ይህ ጥያቄ አልለቅ ስላለን ያለፈውን ታሪክ ስናገላብጥ ሰነበትን።

ብድሩ የተመለሰበት ጊዜ አለ። በ1954 እንግሊዛዊው ሮጀር ባኒስተር በኦክስፎርድ አንድ ማይልን ከ4 ደቂቃ በታች፣ ማለትም በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሴኮንድ ሲሮጥ፣ መጀመሪያ ክሪስ ብራሸር፣ ቀጥሎም ክሪስ ቻታዌይ የተባሉ ጓደኞቹ ፊት ፊት መርተውለታል። ባኒስተር በዓለም ሲታወቅ እነሱ በጓደኛ ስም ተጠቅሰው የሚቀሩ መስለው ነበር። ሆኖም ቻታዌይ በዚያው ዓመት የ5,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ብራሸርም በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ በ3,000 ሜትር መሰናክል ወርቅ አገኘ። ሁለቱም የሰው ማሳ ካረሱ በኋላ ወደ ራሳቸው ማሳ ተመልሰዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ሦስት ኢትዮጵያውያን ተሰልፈው ነበር። ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ዙሩን እየተቀባበሉ አከረሩት፤ በመጨረሻም ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ተፈትልኮ ወርቁን ወሰደ። መሐመድ ነሐሱን አገኘ፤ ቶሎሳ አራተኛ ወጣ። የአራተኛ ሰው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር የለም። ቶሎሳ ግን በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ ያወቀውን ለተከታዮቹ አስተምሯል። በ2004 በአቴንስም ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስሕን፣ ታላቃቸው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በእግሩ ሕመም ምክንያት ወደ ኋላ ሲቀር፣ በኦሊምፒክ ፍጻሜ መካከል ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጠበቁት። ኃይሌ አምስተኛ ከመውጣት አላለፈም። ቢሆንም ያን ቀን የታየው የወንፈል ብድር ነበር፤ መንገዱን የጠረገላቸው እሱ ነበርና።

የቅጥሩ ነገር ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ። ኳሱን የሚወረውረው ሰው ክንዱ ሲዝል፣ ዳር ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ተተኪ ወርዋሪ ይገባል። ጄሲ ኦሮስኮ የተባለው ተተኪ ከ1979 እስከ 2003 ድረስ በ1,252 ጨዋታዎች ወርውሯል፤ በዚያ ታላቅ ሊግ በዚህ ቁጥር የሚበልጠው የለም። ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ሲዘዋወር ዘጠኝ ማልያ ለብሷል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እሱ ራሱ የጀመራቸው ጨዋታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የኛ አሯሯጭ ይጀምራል እንጂ አይጨርስም፤ የነሱ ተተኪ ደግሞ ይጨርሳል እንጂ አይጀምርም። ሁለቱም ግን ከከተማ ከተማ፣ ከውል ውል የሚኖሩ የአንድ ሙያ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ እዚያ አገር የተተኪው ሥራ ተቆጥሮ በስሙ መጻፉ ነው። የኛ አሯሯጭ የሮጠው ርቀት በውጤቱ ሰንጠረዥ «አቋረጠ» ተብሎ ያልፋል። ውሉን የፈጸመና እግሩ ታሞ የቀረ በአንድ ቃል ይጠራሉ።

ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ

አንዳንድ አሯሯጭ አልቆምም ያለበት ጊዜም አለ። በ1994 በሎስ አንጀለስ አሜሪካዊው ፖል ፒልኪንግተን እስከ መንገድ እንዲያሯሩጥ ተቀጥሮ ሳለ፣ ዞር ብሎ ቢያይ የተከተለው ስለሌለ ቀጥሎ ማራቶኑን አሸነፈ። ሁለተኛ የገባው ጣልያናዊ አሯሯጩ ያቋረጠ መስሎት አሸነፍሁ ብሎ ነበር። በ2003 በበርሊን ደግሞ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ለማሯሯጥ የገባው የአገሩ ልጅ ሳሚ ኮሪር እስከ መጨረሻው ተከትሎት በ1 ሴኮንድ ብቻ ተቀደመ።

ወጣቱ የአማኑኤል ልጅ ይህን ታሪክ ከኛ አስቀድሞ ያውቀዋል። «እኔም አንድ ጊዜ ሠላሳኛው ላይ ስደርስ እግሬ ገና አልነቃም ነበር» አለን። ታዲያ ለምን ቆምህ ብንለው እንዲህ መለሰ፦ «ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ከተማ የማሯሯጥ ውል ነበረኝ። ብጨርስ እግሬ ያልቃል፤ ውሉን ባፈርስ ለከርሞ የሚጠራኝ የለም። ታናናሾቼ የሚማሩት በዚሁ ገንዘብ ነው። ወጣሁና ብርድ ልብስ ተከናንቤ አውቶቡስ ጠበቅሁ።»

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። እንጀራው የሚገኘው ከመቆም ነው፤ ስሙ የሚገኘው ግን ከመቀጠል ነው። ዕድሜ ደግሞ አይጠብቅም። በዚያ ላይ በመም ውድድር አዲስ ተፎካካሪ መጥቷል፤ ለተሰንበት ግደይ በ2020 በቫሌንሲያ 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ6.62 ሴኮንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ በመሙ ጠርዝ የተደረደሩ መብራቶች በተወሰነው ፍጥነት እየበሩ ይመሩ ነበር። መብራት ደመወዝ አይጠይቅም፤ አይደክምምም። ነፋስ ግን አይከልልም፤ ወደ ማራቶኑ ጎዳናም ገና አልወረደም።

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሥራ ከያዝን ገና ሁለት ዓመታችን ነው። ሌላ ሰው የሚፈርምበትን ደብዳቤ እናረቃለን፤ ሌላ ሰው የሚያነበውን ንግግር እናዘጋጃለን። ከአንባቢዎቻችንም ብዙዎቹ እንደኛው ናቸው። ስለዚህ ከዚህ ወጣት ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛው፣ እስከ ታዘዙበት ድረስ በትክክል የሮጡት ሩጫ ሙሉ ሥራ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችን በፊት «ምን ሠራህ?» ማለትን ብንለምድ መልካም ነው። ሁለተኛው ደግሞ የአባትየው ጥያቄ ነው። የሰውን ማሳ የሚያርስ ሰው የራሱን ማሳ የሚያርስበትን ቀን ቆጥሮ መያዝ አለበት። ቀኑን ካልቆጠረው ማንም አይቆጥርለትም፤ ወንፈሉም ሳይታወቀው ቅጥር ሆኖ ይቀራል።

ወጣቱ በመጪው ዓመት ሁለት ጊዜ ለማሯሯጥ ተዋውሏል። ሦስተኛ ውል ሲመጣለት ግን እንቢ ብሎ፣ በዚያ ፈንታ በአንድ አነስተኛ ከተማ ማራቶን በራሱ ስም ተመዝግቧል። ገንዘቡ ያነሰ ነው፤ ካልቀናውም ምንም የለውም። ለአባቱ ሲነግራቸው «እንግዲህ ማሳህ ሰፊ ነው፣ በጊዜ ጀምር» አሉት እንጂ ሌላ አልተናገሩም።

ስንሰናበት ጎረቤቲቱ እንደገና ብቅ አሉና «በል እንግዲህ ዘንድሮ አንደኛ ውጣልን!» ብለው መረቁት።

«እስከ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትርማ ሁልጊዜም አንደኛ ነኝ እማማ» አላቸው። «አሁን የቀረኝ አሥራ ሁለቱ ነው።»