ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ፦ ነፃነቱ ለማን፣ ወጪውስ በማን?

በኮልፌ ቀራኒዮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ያለው ቤተሰብ ድሮ የሚጨነቀው ለውጤቱ ነበር። ነጥቡ ከመጣ የሚመድበው መንግሥት ነው፤ ስድስት ኪሎ ከደረሰውማ እሰየው፣ ልጁ ከአየር ጤና ወይም ከጦር ኃይሎች እየተመላለሰ ይማራል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሌላ ጭንቀት ተጨምሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ በመንግሥት ወጪ የማይማር ተማሪም ክፍያውን ራሱ ይችላል። የአገሪቱ አንጋፋ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እዚህ እንዴት ደረሰ?

ግቢው ተሰጠ፣ ሥልጣኑ ቀረ

የነፃነቱ ጥያቄ የተቋሙን ያህል ዕድሜ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በ33 ተማሪዎች ማስተማር ሲጀምር ኃላፊው ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። በታህሳስ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የኮሌጁ ተማሪዎች አማፂዎቹን ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ዓመት ሳይቆይ ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡ፤ ታህሳስ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ተመረቀ። የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ግን ንጉሡ ራሳቸው ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የግቢውና የመንግሥት ፍጥጫ ነው። የካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ታህሳስ 1962 የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግስቱ ወታደሮች ግቢ ገብተው ተኮሱ። በ1967 ደርግ ተማሪውንና መምህሩን ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አዘመተ፤ የዩኒቨርሲቲውም ስም ተቀየረ። በ1985፣ በኤርትራ ሪፈረንደም ሰበብ ከተነሳው የተማሪዎች ተቃውሞ በኋላ፣ ከ40 በላይ መምህራን ከሥራ ተባረሩ፤ ስመ ጥሩው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ሦስት ሥርዓት ተቀያየረ፤ የግቢው ሰው ጥያቄ ግን ያው ነበር፦ ማን ይሾመን፣ ማንስ ያባርረን?

የገንዘቡ ጥያቄ

ሌላኛው ጥያቄ ዘግይቶ መጣ። ለብዙ ዘመን ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም በመንግሥት ነበር። በ1996 ዓ.ም. ወጪ መጋራት ተጀመረ፤ ተማሪው የምግብና የመኝታውን፣ ከትምህርቱም ከፊሉን ወጪ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ላይ ሊከፍል ይፈርማል። ቁም ነገሩ ግን ደጃፍ ላይ የሚጠየቅ ገንዘብ አለመኖሩ ነበር። ይህ በእንዲህ እንዳለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 አልፎ በጀቱ ለሁሉም ተከፋፈለ። በኋላም ዩኒቨርሲቲዎቹ በተልዕኮ ሲለዩ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌና አርባ ምንጭ የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተባሉ።

የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ጥቅል አቀረበ። ራስ ገዝ የሆነ ዩኒቨርሲቲ በአካዳሚ፣ በአስተዳደር፣ በገንዘብና በአደረጃጀት የራሱን ውሳኔ ይወስናል፤ በምላሹ ከመንግሥት ከሚያገኘው ሌላ የራሱን ገቢ እንዲያሳድግ ይጠበቅበታል። የመጀመሪያው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይሁን እንጂ በዚያ አይቆምም፤ መንግሥት ሌሎቹንም አንጋፋ ዩኒቨርሲቲዎች በዚሁ መንገድ ሊወስድ አቅዷል።

ዘነበወርቅ ላይ ያለው ፈተና

ክፍያን ብቻ ስንቆጥር የምርምሩ ጉዳይ እንዳይረሳ ኮልፌ ቀራኒዮ ጥሩ ምሳሌ አለው። ዘነበወርቅ የሚገኘው የአለርት ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ሆኖ በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ይኸው ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው ግቢ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች እርዳታ ተከፈተ። ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ሐንሰን በ1873 እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ያገኘው የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ በላቦራቶሪ ሰሐን ላይ አይራባም። ተመራማሪው ናሙናውን የሚያገኘው ከሕመምተኛው ቆዳ ነውና ላቦራቶሪው ሕመምተኛው ደጅ መምጣት ነበረበት። የዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም ዛሬ የመመረቂያ ጥናታቸውን እዚያ ይሠራሉ።

የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በአብዛኛው ድኻ ነው፤ በሽታውም ገበያ የሚያወጣ ዘርፍ አይደለም። ማኔጅመንትና ኮምፒውተር ሳይንስ ከፋይ ተማሪ ይስባሉ፤ የግዕዝ ፊሎሎጂ፣ የነፍሳት ጥናት ወይም የተረሱ በሽታዎች ምርምር አይስቡም። ገቢ ፈልግ የተባለ ተቋም እጁ በቀላሉ የሚዘረጋው ወደ መጀመሪያዎቹ ነው። የራስ ገዝነት ደጋፊዎች ነፃ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ጎበዝ መምህርን በጥሩ ደመወዝ ይይዛል፣ ከቢሮክራሲ ይላቀቃል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የመምህሩ ደመወዝ ኑሮን መሸፈን ካቃተው ሰንብቷል። ሆኖም ነፃነቱ ድኻውን ተማሪና ገቢ የማያመጣውን ጥናት የሚያስወጣ ከሆነ ዩኒቨርሲቲው «የመንግሥት» መባሉ በስም ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ አዋጁ መልካም ነው ወይስ መጥፎ ብሎ ከመከራከር ይልቅ በየዓመቱ አራት ነገሮችን መጠየቅ ይበጃል። መንግሥት ስንት ተማሪ ያስተምራል፣ እነማንንስ? ክፍያ የማያመጡ የትምህርት ክፍሎች በጀት ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ፕሬዚዳንቱና ቦርዱ እንዴት ተመረጡ? መምህር በተናገረው ሳቢያ ሥራውን ቢያጣ አቤት የሚልበት አለው? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከኮልፌ የሚነሳውን ተማሪና የዘነበወርቁን ሕመምተኛ ይመለከታሉ። የቀሩት ሁለቱ ከ1953 ጀምሮ ሲንከባለሉ የመጡ ናቸው፤ እነርሱ ሳይመለሱ የበጀቱ ነፃነት ብቻ ቢሟላ፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱን የቻለው በወጪ እንጂ በሐሳብ አይሆንም።