ከማን ጋር ነው የምትፎካከሩት?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሱቅ ከፍታችኋል እንበል፤ ወይ ካፌ፣ ወይ ፀጉር ቤት። ጠዋት በር ስትከፍቱ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ደንበኛው ወይስ ወደ ጎረቤት በር? የእኔ ወደ ጎረቤት ነበር። ዕዳ ውስጥ የከተተኝም ያው ዓይኔ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2009 ዓ.ም. ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የዕቁብ ብራችንን አዋጥተን መርሳ ላይ፣ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ጁስ ቤት ከፈትን። መርሳ የፍራፍሬ አገር ናት፤ ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ብርቱካኑ ከደጃችን ነው። "ምን ይጎድለናል?" አልን። ሁለት ወር ሳይሞላን ግን ፊት ለፊታችን ሌላ ጁስ ቤት ተከፈተ። እኛ 15 ብር የምንሸጠውን ስፕሪስ እሱ 13 አለ። እኛ 12 አልን፤ እሱ 10! እኛ ትልቅ ስፒከር ገዛን፤ እሱ ቴሌቪዥን ሰቀለ። ማታ ማታ የራሳችንን ሂሳብ ትተን የሱን ደንበኛ ስንቆጥር እናመሽ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ሁለታችንም ዘጋን። የዕቁቡን ዕዳ ከፍዬ የጨረስኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ልንዘጋ ሰሞን በራችን ላይ ማንጎ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። "እማማ፣ እርስዎ ተፎካካሪ አይፈሩም?" አልኳቸው። ሳቅ አሉና "ልጄ፣ እናንተ እርስ በርስ ስትተያዩ ትውላላችሁ። እኔ የማየው መኪናውን ነው" አሉኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። አውቶቡስ ሲቆም ረዳቱ "አምስት ደቂቃ!" ብሎ ይጮሃል። በዚያች ደቂቃ ወርዶ፣ ጁስ አስፈጭቶ፣ ጠጥቶ የሚመለስ መንገደኛ ከየት ይመጣል? እሳቸው ግን በፌስታል ቋጥረው በመስኮት ያቀብሉታል። ገበያችንን የወሰደችው ያቺ ፌስታል ናት እንጂ የፊት ለፊቱ ልጅ አልነበረም!

እኔ አስራ ሁለተኛን ጨረስኩ እንጂ ኮሌጅ አልገባሁም። በኋላ ሳነብ የሃርቫርዱ ምሁር ማይክል ፖርተር ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1979 ጽፎት ኖሯል። ፉክክር ማለት ጎረቤት ብቻ አይደለም፤ ነገ የሚከፍተው አዲስ ሰው፣ ያንተን ዕቃ የሚተካ ሌላ ነገር፣ ዋጋ የሚያስቀንስህ ደንበኛና ዋጋ የሚጨምርብህ አቅራቢም ጭምር ነው ይላል።

ትልልቆቹን ሥራ አስኪያጆችም ተመልከቱ። ኢትዮ ቴሌኮም ገበያው ላይ ብቻውን ሳለ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ጥሪን ዋጋ 40 በመቶ ቀነሰ። ሳፋሪኮም የሥራ ፈቃድ ባገኘበት በግንቦት 2013 ቴሌብርን ጀመረ። ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው መስከረም 2015፣ ኤምፔሳ የመጣው ደግሞ ነሐሴ 2015 ነው። እንግዳው ሲደርስ ባለቤቱ ቤቱን አሰናድቶ ነበር ማለት ነው። ለመሆኑ ቴሌብር የሚፎካከረው ከኤምፔሳ ጋር ብቻ ይመስላችኋል? በኪሳችን ካለው የብር ኖት ጋርም ነው'ኮ!

ስለዚህ አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ ዋጋ ከመቀነሳችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ደንበኛዬ እኔ ጋ ባይመጣ ምን ያደርጋል? የቸገረው ገንዘብ ነው ወይስ ጊዜ? በዚህ ዋጋ ስንት ወር እቆያለሁ?

ያ ጓደኛዬ ዛሬ የተላጠ ፓፓያ በኩባያ አሽጎ ለመንገደኛ ይሸጣል። ከማዶ ማን እንደከፈተ ብትጠይቁት አያውቅም። አውቶቡሱ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ግን በቃሉ ይነግራችኋል።

ቸር እንሰንብት!