ያየ ሰው ይናገር

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ሚድዋይፍ፣ ከወለደች ግማሽ ሰዓት ያልሞላትን እናት ሆድ ስትዳስስ ማህፀኗ ልል ሆኖ አገኘችው። ማህፀኑን አሸች፣ ፊኛዋን ባዶ አደረገች፣ ኦክሲቶሲን ሰቀለች፣ ሐኪም ጠራች። እናትየዋ ተረፈች። ጠዋት ሞርኒንግ ላይ፣ በክፍሉ የማለዳ ስብሰባ፣ የተነሳው ግን ስለ ምጥ መከታተያ ቅጹ «ፓርቶግራፉ ለምን አልተሟላም?» የሚለው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚድዋይፏ ፓርቶግራፍ እንከን አይወጣለትም፤ በየሩብ ሰዓቱ እየዞሩ ሆድ መዳሰሱ ግን ቀርቷል። ሲጠሯት ትነሳለች።

ይህን ሳነሳ «ሸልመናት የለም እንዴ?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ «ላሳዩት ትጋት» የሚል ምስክር ወረቀት ከብዙዎች ጋር ተሰጥቷታል። ማመስገን ወረቀት ማደል ነው የሚለው እምነት አታክቶኛል። ኮከብ ሠራተኛ አንዳንዴ በተራ ይመረጣል፣ አንዳንዴም ከአለቃ ጋር ስላልተጋጨ፤ ይህንን ደግሞ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። የማይገባው ሲሸለም «ምን አገባኝ» ማለት የሚጀምሩት ጎበዞቹ ናቸው።

ሥልጠና ላይ ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪውን ሄርዝበርግን ጠቅሰው ገንዘብ ሠራተኛን አያተጋም የሚሉን አሉ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ጥናት በፒትስበርግ አካባቢ የነበሩ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን የሚመለከት ነው። እሱም ቢሆን እውቅናን ከሚያተጉት ነገሮች፣ ደመወዝን በዋናነት ሲጎድሉ ከሚያስከፉት መደበ እንጂ አንዱ የሌላውን ቦታ ይተካል አላለም። የዲዩቲ ክፍያዋ ለወራት የተያዘባት ነርስ ጭብጨባ ምን ያደርግላታል? በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ያነሱት የደመወዝ ጥያቄም በአበባ እቅፍ አይመለስም።

የሚሠራው ምስጋና ሥራውን ከሚያውቅ ሰው፣ በማግስቱ፣ ነገሩ ተለይቶ የሚነገረው ነው። «ጎበዝ» አይበቃም። «ሲስተር፣ ደሙ ሳይበዛ ነው የደረስሽበት፤ ምን አይተሽ ነው?» ብትባል ኖሮ ሚድዋይፏም ሥራዋ እንደታየላት ታውቅ፣ ገና የተመደቡትም አሠራሩን ይቀስሙ ነበር። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፣ አዳራሽም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ርክክብ ላይ በደንብ የሚጠይቅ ኃላፊ ነው።

እናት ስትሞት ኮሚቴ ተቀምጦ ካርዷን ገጽ በገጽ ይመረምራል፤ ተገቢም ነው። ከሞት አፋፍ የተመለሰችው እናት ካርድ ግን ማንም ሳይከፍተው መዝገብ ቤት ይገባል። እሱንም ሞርኒንግ ላይ እንክፈተው፤ ሌሊቱን የሠራችው ራሷ ቆማ ታስረዳን።