ከታቀደ የትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና በፊት የሚሰጡ የአንጀት ማጽጃዎችና የጋምቤላ ቆላማ ሁኔታ

በትልቁ አንጀት ላይ ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት አንጀቱን በማጽጃ ፈሳሽ ማጠብ ለረጅም ዘመን እንደ ግዴታ ሲቆጠር ኖሯል። በኢትዮጵያ ጥያቄው ከሚነሣባቸው ሕመሞች አንዱ የሲግሞይድ አንጀት መታጠፍ ነው። በፊንጢጣ በሚገባ ቱቦ ጋዙ የወጣለትና የተረጋጋ ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምናው በዕቅድ ሊደረግለት ስለሚችል፣ ዝግጅት የሚታሰበው ያን ጊዜ ነው። አንጀቱ ገና እንደተዘጋ ሳለ ወይም የመበሳት ምልክት ሲታይ ግን ማናቸውንም ማጽጃ በአፍ መስጠት አይፈቀድም።

በባሮ ወንዝ ዳር የምትገኘው ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ቆላ ስትሆን፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ሙቀቷ ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። በላብ ውኃና ጨው ያጣ ሕመምተኛ በማጽጃ ሲያስቀምጠው ጉዳቱ ይደራረባል። ስለዚህ ማጽጃዎቹ መመዘን ያለባቸው አንጀቱን በማጥራታቸው ብቻ አይደለም።

ማኒቶል ከሰውነት ውኃ ወደ አንጀት ይስባል። የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉትም ሃይድሮጅን ስለሚፈጠር ዳያተርሚ ፍንዳታ ሊያስነሣ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዚህ ምክንያት የሞተ ሕመምተኛ ተመዝግቧል። ሶዲየም ፎስፌት መጠኑ ትንሽ በመሆኑ ለመጠጣት ይቀላል፤ ነገር ግን ኩላሊትን ክፉኛ የሚጎዳበት ጊዜ ስላለ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2008 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። ሙቀትና ድርቀት ባለበት አገር ባይመረጥ ይሻላል።

ከ1980 ጀምሮ የሚታወቀው የፖሊኢትሊን ግላይኮልና የጨዎች ውሑድ ከሰውነት ውኃ ሳይስብ፣ እምብዛምም ሳይመጠጥ ያልፋል። ጉድለቱ ብዛቱ ነው፤ 4 ሊትር መጠጣት ያቅለሸልሻል፣ ንጹሕ ውኃም ይጠይቃል። ኦ.አር.ኤስ. ሊተካው አይችልም፤ በውስጡ ያለው ግሉኮስ ሶዲየምና ውኃ እንዲመጠጡ የሚያደርግ በመሆኑ ሥራው ተቃራኒ ነው።

ይሁንና ማጠብ ብቻውን የቁስል ኢንፌክሽንንም ሆነ የስፌት መልቀቅን እንደማይቀንስ በ2011 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ በ18 ጥናቶችና በ5,805 ሕመምተኞች ላይ ተመሥርቶ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 ማጽጃ ብቻውን እንዳይሰጥ፣ ከተሰጠም በአፍ ከሚወሰድ አንቲባዮቲክ ጋር እንዲሆን መክሯል። በ2019 የታተመ የፊንላንድ ጥናት ግን በኮሎን ቀዶ ሕክምና ሁለቱን አጣምሮ መስጠት ያለ ዝግጅት ከመቅደም የተለየ ውጤት አላገኘበትም፤ ክርክሩ አልተዘጋም ማለት ነው። ከመቅደዱ በፊት በደም ሥር የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ግን በማናቸውም ሁኔታ አይቀርም።

በአፍ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ በሌለበት ማጽጃውን መተው ሕመምተኛውን ከከንቱ ድርቀት ያድነዋል። በሚሰጥበት ጊዜም የኩላሊት፣ የሶዲየምና የፖታሲየም ምርመራ አስቀድሞ ቢደረግ፣ የጠጣውና የሸናው ቢመዘገብ ይገባል። ሆዱ ከተነፋ ወይም ደጋግሞ ካስታወከው መጠጡ ወዲያው ይቆምና ለቀዶ ሐኪሙ ይነገራል።